ደሞዝ ጨመረ፤ ኑሮስ?



ለእረፍት ከሚሴ ስንገባ ቤተሰብ የሚጠይቀን አንድ ነው፦ «ደሞዝ ተጨመረ ይባላል፤ ታዲያ ለምን አይበቃም?»

ግሽበት የሚለካው የዘንድሮውን ዋጋ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ዋጋ ጋር በማነጻጸር ነው። «ግሽበቱ ቀነሰ» ሲባል ዋጋ ወረደ ማለት ሳይሆን ጭማሪው ዘገየ ማለት ነው። ጭማሪው ደግሞ ይደራረባል። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. አማካይ ዓመታዊ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በ30 በመቶ ብቻ ብናሰላው እንኳ 100 ብር የነበረው አስቤዛ በሁለት ዓመት 169 ብር ይገባል። ደሞዙ ያልተነካ ሰው ድሮ ከሚገዛው 59 በመቶውን ብቻ ይገዛል።

የመንግሥት ሠራተኛውን እንይ። በ2011 በጸደቀው ስኬል ዝቅተኛው ደሞዝ 1,100፣ ከፍተኛው 20,468 ብር ነበር። በ2017 ዝቅተኛው 4,760፣ ከፍተኛው 21,492 ሆነ፤ የታችኛው ከአራት እጥፍ በላይ ሲያድግ የላይኛው የጨመረው 5 በመቶ ብቻ ነው። በመስከረም 2018 ዝቅተኛው 6,000፣ ከፍተኛው 39,000 ደረሰ፤ ጀማሪ የዲግሪ ምሩቅም ከ6,940 ወደ 11,500 ከፍ አለ። የላይኛው ግን ከ2011 ሲነጻጸር እጥፍ እንኳ አልሞላም። ስለዚህ «ደሞዝ ግሽበትን ደርሶበታል ወይ?» ለሚለው መልሱ እንደየደረጃው ይለያያል። የቀን ሠራተኛውማ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ክፍያ እንኳ የለውም።

በመድረሳ የዘካን ኒሳብ የተማርነው በብር ኖት ሳይሆን በወርቅ ነው፦ 20 ሚስቃል፣ ወደ 85 ግራም። ደሞዛችንንም እንዲሁ እንመዝን፤ ቁጥሩን ሳይሆን ስንት ኪሎ ጤፍ እንደሚገዛ፣ ስንት ወር ኪራይ እንደሚሸፍን። ነገ ተመርቀን ሰው ስንቀጥርም ይህን ሒሳብ አንርሳ፤ የሠራተኛ ሐቅ አማና ነው።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለበት ያድርግልን።