ስለ ኤል.ኢ.ዲ. ስክሪንና ስለ ሪፍሬሽ ሬቱ

በውጭ አገር በምናዘወትራቸው የሰርግ አዳራሾችና ቤተ ክርስቲያኖች ከመድረኩ ጀርባ ትልቅ የኤል.ኢ.ዲ. ስክሪን ማቆም እየተለመደ መጥቷል። ኮሚቴው ከምእመናን በተዋጣ ገንዘብ ለመግዛት ሲነሳ ሻጩ አስቀድሞ የሚያወራው ስለ ስፋቱና ስለ ድምቀቱ ነው። ሪፍሬሽ ሬት የሚባለው ቁጥር ወረቀቱ ግርጌ ላይ ይቀራል። ስክሪኑ ተሰቅሎ ሁሉም «እንዴት ያምራል!» ካለ በኋላ ግን፣ ቪዲዮው ሲታይ ከካህኑ ጀርባ ጥቋቁር መስመሮች ሲንሸራተቱ ይገኛሉ። አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ምንም አላየም፤ አዲስ አበባ ሆነው በስልክ የሚከታተሉት እናት ግን ያዩት መስመሩን ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በእነዚህ ስክሪኖች ላይ ድምቀት የሚመጠነው እንደ ፋኖስ ክር ከፍና ዝቅ በማድረግ ሳይሆን፣ አምፖሎቹን እጅግ በፍጥነት በማብራትና በማጥፋት ነው። ረዘም ላለ ጊዜ የበራው ደማቅ፣ ለአጭር ጊዜ የበራው ደብዛዛ መስሎ ይታየናል። በዚያ ላይ ረድፎቹ የሚበሩት በየተራ ነው። ሪፍሬሽ ሬት ማለት ይህ ዙር በአንድ ሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ሲሆን የሚለካውም በኸርዝ ነው። ቪዲዮው በሴኮንድ ከሚይዛቸው 25፣ 30 ወይም 60 ምስሎች ጋር መምታታት የለበትም፤ ስክሪኑ አንዱን ምስል ራሱን ደጋግሞ ያበራዋል፣ ያጠፋዋል።

ዓይናችን ይህን ሁሉ አደባልቆ እንደ አንድ ብርሃን ይቀበለዋል። ካሜራ ግን ይሉኝታ አያውቅም፤ ሹተሩ ተከፍቶ በቆየባት ቅጽበት የደረሰውን ብርሃን ብቻ ይቆጥራል። 960 ኸርዝ የሆነ ስክሪን በ1/800 ሴኮንድ ቢቀረጽ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚደርሰው 1.2 ዙር ነው። እንግዲህ ከፊሉ ረድፍ ሁለት ጊዜ፣ ከፊሉ አንድ ጊዜ ብቻ በርቶ ይያዛል፤ የአንዱ ብርሃን የሌላው ግማሽ ይሆናል ማለት ነው። መስመሩ ይኸው ነው። ስክሪኑ 3840 ኸርዝ ቢሆን ዙሩ 4.8 ስለሚሆን ልዩነቱ በ4 እና በ5 መካከል ይሆናል፤ መስመሩ በጣም ይደበዝዛል።

ከዚህ ስሌት አንድ ርካሽ መፍትሔ ይገኛል። በ1/50 ሴኮንድ ከተቀረጸ ያው 960 ኸርዝ ስክሪን 19 ወይም 20 ጊዜ ይበራል፤ ልዩነቱም ብዙም አይታወቅም። ስለዚህ ስክሪኑ ይቀየር ከማለት በፊት የካሜራው ሹተር በእጅ 1/50 ወይም 1/60 ላይ ይደረግ፣ የስክሪኑም ድምቀት ይቀነስ። ስልኮች ደማቅ ነገር ሲያዩ ሹተሩን በራሳቸው ያፈጥኑታል፤ የሦስት መቶ ሰርገኛ ስልክ ደግሞ ማንም ሊያስተካክል አይችልም።

ለምግብ ቤት ሜኑ ወይም ከመንገድ ዳር ለሚታይ ማስታወቂያ 1920 ይበቃል እላለሁ፤ የሚተርፈው ገንዘብ ነጥቦቹ የተቀራረቡ ስክሪን ለመግዛት ቢውል ይሻላል። ካሜራ ለሚገባበት መድረክ ግን ከ3840 በታች አልመክርም። 7680 የሚባለው ለቴሌቪዥንና ለፊልም ስቱዲዮ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ቅንጦት ነው።

ቁጥሩ ብቻውንም አይታመንም። የስክሪኑ ቺፕ ያለችው ጊዜ የተወሰነች ስለሆነች፣ ሪፍሬሽ ሬቱ ከፍ ሲደረግ ከጥቁር እስከ ነጭ ያሉት የጥላ ደረጃዎች ሊቀንሱ ይችላሉ። ደብዛዛው ቀለም ደግሞ የሚበራው በጣም ለአጭር ጊዜ በመሆኑ፣ በአንዳንድ ስክሪን ላይ በእያንዳንዱ ዙር ሳይደርሰው ይቀራል። ስለዚህ ሻጩ የሚያሳየውን ደማቅ አበባና ፏፏቴ ትታችሁ የራሳችሁን ሥዕል ይዛችሁ ሂዱ፤ በጨለማ ውስጥ ጧፍ የበራበት ፎቶግራፍ ጥሩ ነው። ድምቀቱን አዳራሻችሁ ውስጥ በምትጠቀሙበት ልክ አስቀንሱና ሹተሩን 1/1000 ላይ አድርጋችሁ ቅረጹት። ጥቁሩ ቦታ ላይ መስመር ካልወጣ ስክሪኑ ደህና ነው። ተሰቅሎ ካለቀ በኋላም ፈተናውን ድገሙት፤ 3840 የሚችል ስክሪን በመቆጣጠሪያው ሶፍትዌር 1920 ላይ ተደርጎ ሊተው ይችላልና የመጨረሻው ክፍያ ከዚያ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።