ቀጣዩን ካይት ሲገዙ፦ ከትልቁ ይልቅ የሚቆመውን ይምረጡ

ዱባይ ውስጥ ጁሜራ አካባቢ የሚገኘው «ካይት ቢች» ስሙን ያገኘው በነፋስ ከሚበረው ካይት ነው። ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ ወደ መሬት የሚነፍሰው ነፋስ ሲበረታ ባለቀለም የጨርቅ ክንፎች ሰማዩ ላይ ይታያሉ። በዕረፍት ቀንዎ ከጓደኞችዎ ጋር፣ ወይም የሚጠብቋቸውን ልጆች ይዘው ወደ ባሕር ዳርቻ ሲሄዱ ባለ ሁለት ገመዷን የጀማሪ ካይት ሞክረው ይሆናል። መጀመሪያ አሸዋው ላይ እየወደቀች አስቸግራዎት ነበር። አሁን ግን ቀኝ ሲሏት ቀኝ፣ ግራ ሲሏት ግራ ትሄድልዎታለች። ስለዚህ የሚቀጥለው ጥያቄ መጥቷል፦ «ከዚህ በኋላ የቱን ልግዛ?»

ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው «ከዚህ ተለቅ ያለውን» ብሎ ነው። ሻጩም ይህንኑ ቢልዎ አይገርምም። ነገር ግን ቀጣዩ ካይት መመረጥ ያለበት በትልቅነቱ አይደለም፤ በፈለጉት ቅጽበት ኃይሉን ሊያጠፉት መቻልዎ ነው ዋናው። የእርስዎ እንጀራ በእጅዎና በጉልበትዎ ላይ ነው። ትከሻ ቢወልቅ ወይም የእጅ አንጓ ቢሰበር ለሳምንታት ሥራ መሥራት ያቅታል፤ ቤተሰብ የሚጠብቀው ገንዘብም ይዘገያል። ለአንድ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ያ ሁሉ መከፈል የለበትም።

ኃይሉ ከየት ይመጣል?

የልጆች መጫወቻ ካይት ሰማይ ላይ ቆማ ትታያለች። እርስዎ የሚያስቡት ዓይነት ግን ሰው የሚጎትት ነው። አብዛኞቹ የመሬት ካይቶች ከፊት ክፍት የሆኑ የጨርቅ ኪሶች አሏቸው፤ ነፋሱ ወደ ኪሶቹ ሲገባ ጨርቁ ተነፍቶ የክንፍ ቅርጽ ይይዛል። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1964 ያስተዋወቀው ዶሚና ጃልበርት የተባለ በአሜሪካ የሚኖር ካይት ሠሪ ነው።

ከሁሉ በፊት መያዝ ያለበት ሒሳብ ይህ ነው፦ የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የካይቱ ጉተታ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ በቀላሉ የያዙት ካይት፣ ነፋሱ 24 ሲደርስ በአራት እጥፍ ጉልበት ይጎትትዎታል። የሚበርበት ቦታም ለውጥ ያመጣል። ከአናትዎ በላይ ወይም በግራና በቀኝ ዳር ሲሆን ረጋ ይላል፤ ነፋሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ፣ ፊት ለፊትዎ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ግን ኃይሉን ሁሉ ያወጣል።

ትልቅነት ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ኩዌትን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 በኩዌት ባንዲራ መልክ ተሠርቶ የበረረውና በጊነስ መዝገብ የሰፈረው ካይት ስፋቱ 1,019 ካሬ ሜትር ነበር። እንዲህ ያለውን ማንም በእጁ አይዝም፤ ከከባድ መልሕቅ ጋር ይታሰራል። በእጅ የሚያዝ ካይት ግን መልሕቁ እርስዎ ነዎት።

ሁለት ገመድ እና አራት ገመድ

ባለ ሁለት ገመድ ካይት መሪ አለው፤ ፍሬን የለውም። ወደ ግራና ቀኝ ይዞራል እንጂ በበረረበት ኃይሉን መቀነስ አይቻልም።

ባለ አራት ገመዱ ሁለት እጀታዎች አሉት። ከእጀታዎቹ ጫፍ ላይ ያሉት ሁለቱ ገመዶች ይጎትታሉ፤ ከታች ያሉት ሁለቱ ፍሬን ናቸው። ፍሬኑን ሲስቡ ካይቱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይበልጥ ሲስቡ ወደ ኋላ እየሸሸ መሬት ላይ ያርፋል። ከፍሬን ገመዶቹ ጋር የተያያዘ የእጅ አንጓ ማሰሪያም አለ። ነገሩ ከአቅም በላይ ሲሆን ሁለቱንም እጀታ ይለቃሉ። ማሰሪያው የፍሬን ገመዶቹን ብቻ ይዞ ሲቀር ካይቱ ነፋሱን አፍስሶ እንደ ጨርቅ ይወድቃል።

ስለዚህ ለአብዛኛው ከጀማሪ ካይት ለሚያድግ ሰው ትክክለኛው ቀጣይ እርምጃ ባለ አራት ገመድ፣ ባለ እጀታና ባለ አንጓ ማሰሪያ ካይት ነው። ማሰሪያው ከሌለው አይግዙት።

ከዚህ በላይ ሁለት ዓይነቶች አሉ። አንደኛው ወገብ ላይ በሚታሰር ቀበቶ የሚያዝና በመያዣው ዘንግ ኃይሉ የሚጨመርና የሚቀነስ ነው። ሁለተኛው በፓምፕ የሚነፋው የባሕር ካይት ነው፤ ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች፣ ብሩኖና ዶሚኒክ ለጋኙ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገቡለት። ሁለቱም ከሰውነት ጋር ስለሚያያዙ ያለ አስተማሪ አይሞከሩም፤ ለባሕሩ ደግሞ ዋና መቻል ግድ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

ስንት ካሬ ሜትር?

ከ50 እስከ 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ቆሞ ለመለማመድ ከ2 እስከ 3 ካሬ ሜትር ያለው ባለ አራት ገመድ ካይት ይበቃል። «5 ካሬ ሜትሩ ቅናሽ አለው» ቢሉዎትም አይቀበሉ። ያ መጠን ጋሪ ወይም ጎማ ያለው ሳንቃ ላይ ለሚጎተት ልምድ ላለው ሰው ነው። ትንሹ ካይት ጥሩ ነፋስ ሲያገኝ በቂ ጉልበት አለው፤ ትልቁ ግን ነፋሱ ድንገት ሲጨምር መመለሻ አይሰጥም።

ለመግዛት ዝግጁ መሆንዎን አሁን ባለችው ካይት ይፈትኑ። ብቻዎን ያስነሷታል? ከአናትዎ በላይ ሳትወድቅ ያቆሟታል? እጅዎን ሳያዩ ስምንት ቁጥር ያስሏታል? የመረጡት ቦታ ላይ በዝግታ ያሳርፏታል? አራቱንም በተከታታይ ቀናት ከቻሉ ጊዜው ደርሷል።

ነፋሱን በዓይን መመዘን

መለኪያ መሣሪያ ባይኖርዎትም ምልክት አለ። ትንሽ ባንዲራ ተዘርግቶ ሲውለበለብና ቅጠሎች ሳያቋርጡ ሲንቀሳቀሱ ነፋሱ በሰዓት ከ12 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለልምምድ የሚሆነው ይህ ነው። አቧራና ወረቀት መነሳት ሲጀምር ከ20 አልፏል። አሸዋው እግርዎን እየገረፈ ከሆነ ካይቱ ከቦርሳው አይውጣ። በባሕረ ሰላጤው ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ሸማል የሚባለው ነፋስ በፍጥነት ይበረታል፤ ስለዚህ ከቤት ሳይወጡ ትንበያውን ይዩ።

ገመዶቹ 20 ሜትርና ከዚያም በላይ ይረዝማሉ፤ ሲወጠሩ ቆዳ ይቆርጣሉ። እጅዎ ላይ አይጠምጥሟቸው፤ ከፊትዎ ሰው የሌለበት ሰፊ ቦታ ይምረጡ፤ ከኤሌክትሪክ መስመርና ከአውሮፕላን ማረፊያ ይራቁ። በየባሕር ዳርቻው ካይት የሚፈቀድበትን ክፍል የሕይወት አድን ሠራተኛውን ይጠይቁ።

ያገለገለ ሲገዙ

ያገለገለ መግዛት ወጪ ይቀንሳል፤ ግን አይተው ይግዙ። ሳያዩ ገንዘብ አይላኩ። የባሕረ ሰላጤው ፀሐይ ጨርቁን ስለሚያደክም፣ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንስተው ቀዳዳና ስፌቱ የለቀቀበትን ይፈልጉ። አራቱንም ገመዶች አንድ ምሰሶ ላይ አስረው ይወጥሯቸው፤ ሁለቱ የጉተታ ገመዶች እርስ በርስ፣ ሁለቱ የፍሬን ገመዶችም እርስ በርስ እኩል መሆን አለባቸው። ቋጠሮ የበዛበት ወይም የተላጠ ገመድ ይቀየር። ሻጩ ፊትዎ ላይ እንዲያስነሳው፣ ከዚያም እጀታዎቹን ለቅቆ እንዲጥለው ይጠይቁ። እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቶዎታል።

ልጆች አብረውዎት ካሉ

ባለ አራት ገመዱን ለሚጠብቁት ልጅ አይስጡ። እርስዎን በትንሹ የሚስብ ነፋስ 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅን ከመሬት ሊያነሳ ይችላል። ማዳም «ይሞክር፣ ስጪው» ብትልዎት እንኳ ክብደቱን ጠቅሰው በትሕትና ያስረዷት፤ ልጁ ቢጎዳ መጀመሪያ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። ልጆቹን ብቻዎን በሚጠብቁበት ሰዓትም ካይትዎን አያውጡ፤ ሁለቱንም ማየት አይቻልም። ካይቱ ለዕረፍት ቀንዎ ይቆይ። በኤምሬትስ፣ በኳታርና በኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕጎች የሳምንት ዕረፍት መብትዎ ነው።

አዲሱን ካይት የሚያስነሱበት የመጀመሪያ ቀን ቀላል ነፋስ ያለው ይሁን። ማሰሪያዎቹን አንጓዎ ላይ አስረው ካይቱን ዳር ላይ ዝቅ አድርገው ያብርሩ፤ ከዚያም ምንም ችግር ሳይኖር ሆን ብለው እጀታዎቹን ይልቀቁ። አምስት ጊዜ ይድገሙት። እጅ የመያዝ ልማድ አለው፤ ሲደነግጥ ይበልጥ ይጨብጣል። መልቀቅን ቀድሞ ከለመደ ግን በጭንቅ ሰዓት ሳይጠየቅ ይለቃል።