«ልዩነት አልተገኘም» ሲባል ምን ማለት ነው?



በማኅበራዊ ሥራ ሙያ የምናገለግል ሁሉ ከወላጆች የምንሰማው አንድ ቅሬታ አለ። ለልጆቻችን የተከፈተ የማስጠኛ ፕሮግራም «ተጠንቶ ልዩነት አላመጣም» ተብሎ ይዘጋል። እኛም አንድ እንዲህ ያለ ወረቀት ደርሶን አይተናል። የተወዳደሩት በፕሮግራሙ የተማሩ 20 ልጆችና ያልተማሩ 20 ልጆች ብቻ ነበሩ።

ዱቄት ስንነፋ የወንፊቱ ቀዳዳ ሰፊ ከሆነ ጠጠሩም አብሮ ያልፋል። ጠጠር አልተያዘም ማለት ጠጠር የለም ማለት አይደለም። ጥናትም እንዲሁ ነው። በእውነት ያለን ልዩነት የመያዝ ችሎታው «የመለየት ኃይል» ይባላል።

በቁጥር እንየው። የልጆች ውጤት በተለምዶ ከአማካዩ 12 ነጥብ ያህል ከፍ ዝቅ ይላል፤ ማስጠናቱም በእውነት 6 ነጥብ ይጨምራል እንበል። በየቡድኑ 20 ልጆች ቢኖሩ፣ የተለመደው ስሌት ይህን ልዩነት የሚያገኘው ከ100 ጊዜ 34 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ባለሙያዎች የሚፈልጉት 80 ጊዜ ሲሆን፣ ለዚህ በየቡድኑ 64 ልጆች ያስፈልጋሉ።

ሁለተኛው ችግር አማካዩ ራሱ ነው። አምስት ልጆች 70፣ 72፣ 74፣ 76 እና 8 አገኙ እንበል፤ 8 ያገኘው በፈተናው ቀን ታሞ ነበር። አማካዩ 60 ይሆናል፤ ከአምስቱ አራቱ ግን ከ70 በታች አልወረዱም። ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ትተን ብናሰላ 72 እናገኛለን። አንድ የራቀ ቁጥር አማካዩን ከመጎተቱም በላይ የውጤቱን መበታተን አስፍቶ እውነተኛውን ልዩነት ይሸፍናል።

ለዚህም መላ ተገኝቷል። ዊልኮክሰን በ1945 ነጥቡን ትቶ ደረጃን የሚያወዳድር ስሌት አቀረቡ። ዌልች በ1947 የሁለቱ ቡድኖች መበታተን እኩል ባይሆንም የሚሠራ አዘጋጁ። ዩን በ1974 ጫፎቹን ከርክሞ የሚያወዳድረውን ጨመሩ። ውጤቱ የተስተካከለ ሲሆን የዊልኮክሰን ስሌት ጥቂት ያስከፍላል፤ ተራው በ100 ልጆች የሚያገኘውን እርሱ በ105 ያህል ያገኛል። የራቁ ቁጥሮች ሲበዙ ግን ተራውን በብዙ ይበልጣል።

ሩቅ ሳንሄድ፣ እዚሁ ሬሆቮት፣ ከቂርያት ቫይዝማን አጠገብ ባለው የቫይዝማን ኢንስቲትዩት የተገኘውን ኮፓክሶን የተባለ የነርቭ በሽታ መድኃኒት እንመልከት። በ1987 የታተመው ሙከራ የተሠራው በ50 ሕሙማን ነበር። በዚያ አልቆመም፤ በ1995 የ251 ሕሙማን ውጤት ታተመ። በሁለት ዓመት ውስጥ በሽታው ያገረሸባቸው መድኃኒቱን የወሰዱት በአማካይ 1.19 ጊዜ፣ ያልወሰዱት 1.68 ጊዜ ነበር። መድኃኒቱም በ1996 በአሜሪካ ተፈቀደ። ለመድኃኒት ይህን ያህል ከተደከመ፣ ለልጆቻችን ትምህርት ለምን ያንሳል?

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲቀርብላችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ፦

- በየቡድኑ ስንት ልጆች ነበሩ?
- የጥናቱ የመለየት ኃይል ምን ያህል ነበር?
- ከአማካዩ ሌላ መካከለኛው ውጤት ታይቷል? የራቁ ቁጥሮችስ?
- ስሌቱ የተመረጠው ውጤቱ ከመታየቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

መልሱ ፕሮግራሙ በእርግጥ አልጠቀመም የሚል ሊሆን ይችላል፤ ያንንም መቀበል ይገባናል። በ20 ልጆች ብቻ ከተፈረደ ግን ጎረቤት ከተሞች ካሉ ተመሳሳይ ፕሮግራሞች ጋር ተደምሮ እንደገና እንዲጠና እንጠይቅ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና።

ቸር ይግጠመን።