ያውቁ ኖሯል? የማንኩሳው ልጅ
ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲጓዙ መሐል መንገድ ላይ የሚያገኟት ማንኩሳ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የበዛብህ የትውልድ ቀዬ ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ልብ ወለድ ትረካውን የሚጀምረው ከዚያው፣ ከወላጆቹ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው።

በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን «የእኛ ሮሜዎና ዡልየት» የሚሉ ብዙ ናቸው። የሼክስፒርን ተውኔት ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ ስለመለሱት ንጽጽሩ ለአንባቢያችን ቅርብ ነው፤ ልክነቱ ግን ያጠራጥራል። የቬሮናዎቹ ሁለት ቤተሰቦች በክብር እኩያሞች፣ ግን ደመኞች ናቸው። ጎጃም ውስጥ የሚፈላለግ ደም የለም። ሰብለ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት፤ በዛብህ ደግሞ ፊደል ሊያስቆጥራት የገባ የድሃ ልጅ። የሚለያያቸው የአጥንት ቆጠራ ነው። ሌላም ማሰሪያ አለበት፤ ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ለእግዚአብሔር ተስለውታል። ሮሜዎ እንዲህ ያለ የስለት ዕዳ አልነበረበትም።

ፊታውራሪም ቢሆኑ ከራሳቸው ገባሮች ጋር ጠብ አላቸው፤ በአበጀ በለው መሪነት የሚያምፁባቸው እነዚሁ ናቸው። ይህን ሥርዓት ፊት ለፊት የሚተቸው ጉዱ ካሣ፣ በእኛ ግምት፣ ከሁለቱ ፍቅረኞች ይልቅ በአንባቢ አእምሮ የሚቀረው ሰው ነው።

መጽሐፉን ገልጠው የማያውቁ ብዙዎችም ታሪኩን ያውቁታል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮታልና።