ከራዲያተሩ ፊት የሚቆመው ወንፊት

አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው ገንዘቡን የት እንደሚያፈስ ይታወቃል፦ ቀለም፣ የወንበር ልብስ፣ የሚያብለጨልጭ ፓራውልት። ከፊት ፍርግርጉ ጀርባ፣ ከራዲያተሩ ፊት የሚቆመውን የሽቦ ወንፊት ግን የሚያነሳው የለም። እኔ አንድ አሮጌ ፔጆ ወይም ፊያት ቆሞ ካየሁ መጀመሪያ ጎንበስ ብዬ የምፈልገው እሱን ነው። ከሽቦ ቁራጭ የሚሠራ፣ ግን ሞተር የሚያተርፍ ነገር እንዲህ መናቁ አይዋጥልኝም።

የራዲያተር ሥራ ረጅም ማብራሪያ አያሻውም። ሞተሩ ውስጥ የሞቀው ውሃ በቱቦዎች ሲወርድ ከፊት የሚገባው አየር ሙቀቱን ይወስድለታል። በአሮጌዎቹ መኪኖች ቱቦዎቹ ነሐስ፣ በመካከላቸው የተደረደሩት ስስ ቅጠሎች መዳብ ናቸው። የአንዱ ቅጠል ውፍረት የሚሊ ሜትርን አንድ አሥረኛ አይሞላም፤ በጣት ገፋ ቢያደርጉት ይተኛል። የተኛ ቅጠል አየር አያሳልፍም፤ በቅጠሎቹ መካከል የደረቀ ተባይም እንዲሁ።

በኛ አገር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ውሃም ክፍት ድስት ውስጥ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተር ክዳኑ ላስቲክ ያለቀበት መኪና እዚህ ቶሎ የሚፈላው ለዚህ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ከራዲያተሩ ሩብ ያህሉ ቢዘጋ ዳገት ላይ የሚተርፍ አቅም አይኖርም።

የሚዘጋው ነገር እንደየወቅቱ ይለያያል። ዝናቡ ሲጀምር ከመሬት የሚወጣው አሸን ማታ ማታ መብራት ተከትሎ ይመጣል። በመስከረም ቢራቢሮው ሜዳውን ይሞላል። በታኅሣሥና በጥር ጤፍ ተወቅቶ ጭድ የጫነ አይሱዙ ከፊታችሁ ከሄደ፣ እሱን እስክትቀድሙት ድረስ ራዲያተራችሁ ጭድ ሲሰበስብ ይቆያል። አንበጣ የሚመጣበት ዓመትም አለ። የበረሃ አንበጣ 2 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በሸፈነ መንጋ ውስጥ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን ሊኖር ይችላል። በ2012 ዓ.ም. ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ አውሮፕላን መንጋው መስታወቱን ሸፍኖበት ሳያርፍ ወደ አዲስ አበባ ዞሯል። አውሮፕላን ያስመለሰ መንጋ የአንድ ፔጆን ራዲያተር ምን እንደሚያደርገው አስቡት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ፌስታል ነው። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ኮፈኑን ከፍቶ እንፋሎት የሚያወጣ ላዳ ቆሞ አገኘሁ። አጠገቡ ሁለት ባዶ ጀሪካን አለ፤ ባለቤቱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው፣ ቴርሞስታቱን አውጥተው ሊጥሉት መፍቻ ይዘዋል። «ጋሼ፣ ቴርሞስታቱን አይንኩት፤ መጀመሪያ ፊቱን እንየው» አልኳቸው። በፍርግርጉ ሥር እጄን ሰድጄ ስስብ አንድ ጥቁር ፌስታል ወጣ፤ የራዲያተሩን ግማሽ ያህል ሸፍኖ፣ ሙቀቱ አጨማዶት፣ ቅጠሎቹ ላይ ተለጥፎ ነበር። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን ውሃ ሞላን፤ ላዳዋም ቀሪውን ዳገት ሳትፈላ ወጣች። ስንቱ ደኅና ቴርሞስታት እንዲህ ያለ ጥፋቱ ተነቅሎ እንደተጣለ ሳስብ ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ወንፊቱ ጋ እንምጣ፤ ስለሱ አንድ ሥር የሰደደ ስህተት አለ። «ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር የበለጠ ይከላከላል» ይባልና የቤት መስኮት ላይ የሚደረገው የትንኝ ሽቦ ተቆርጦ ራዲያተሩ ፊት ይለጠፋል። እስቲ እናስላው። የትንኝ ሽቦ ቀዳዳው 1.2 ሚሊ ሜትር፣ ክሩ 0.25 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 1.2ን ለ1.45 አካፍላችሁ የመጣውን በራሱ ስታባዙት 0.68 ገደማ ታገኛላችሁ። ከመቶ 32 እጅ ያህሉ ገና መኪናው ሳይነሳ በሽቦ ተጋርዷል ማለት ነው። ቀዳዳው 6፣ ክሩ 0.7 ሚሊ ሜትር የሆነው ግን 80 ከመቶ ክፍት ነው።

ይሄም ሁለቱም ንጹሕ ሲሆኑ ነው። ጠባቡ ወንፊት በራዲያተሩ ቅጠሎች መካከል አልፎ ይሄድ የነበረውን ትንኝ ሁሉ ያስቀራል። ትንኙ ላይ አቧራ ያርፋል፤ አቧራው በተባዩ እርጥበት ይጠነክራል። ወደ አዋሽ ወርዶ በሌሊት የተመለሰ እንዲህ ያለ ወንፊት ጠዋት ወደ ፀሐይ አንስቼ አይቼዋለሁ፤ መሐሉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ አልነበረውም፣ ጠርዝ ጠርዙ ብቻ ነበር የቀረው። ባለቤቱ ራዲያተሩ ንጹሕ በመሆኑ ደስ ብሎታል፤ የሙቀት ጌጁ ለምን ከፍ እንዳለ ግን አልገባውም። ራዲያተሩን ከተባይ ሳይሆን ከአየር ነው የጠበቀው።

ወንፊት የሚያስፈልገን ለትልቁ ነገር ነው፦ ለአንበጣ፣ ለቢራቢሮ፣ ለፌስታል፣ ከፊት መኪና ጎማ ለሚፈናጠር ጠጠር። ለእነዚህ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበቃል። የድሮ መሐንዲሶችም ይህን ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የተሠሩት ላንድሮቨሮች የፊት ፍርግርጋቸው ራሱ ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው የሽቦ መረብ ነበር፤ በ1971 ሲሪስ 3 ሲመጣ ነው በፕላስቲክ የተተካው። ዛሬም ያ የሽቦ ፊት ያለው ላንድሮቨር ሳይ ቆሜ ሳላየው አላልፍም።

አገጣጠሙ ላይ ደግሞ ቸልተኝነት ይበዛል። ወንፊቱን ራዲያተሩ ላይ አትለጥፉት፤ በመንቀጥቀጥ ቅጠሉን ይፍቀዋል። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ስጡት፤ ከፊሉ ቢዘጋ እንኳ አየሩ በክፍተቱ ተሰራጭቶ ይገባል። ሽቦ ወይም የፕላስቲክ ማሰሪያ በቅጠሎቹ መሐል አሾልኮ ማሰር የሚባል ልማድ አለ፤ እባካችሁ ተዉት፤ ማሰሪያው ቀስ በቀስ ቱቦውን ይበሳዋል። በአራት መንጠቆ ከአካሉ ብረት ጋር ይንጠልጠል፣ ያለ መፍቻም ይውለቅ። መፍቻ የሚፈልግ ወንፊት መንገድ ላይ ማንም አያወልቀውም።

ቮልስ ያላችሁ «እኛ ራዲያተር የለንም» ብላችሁ አትለፉት። ከኋላ ያለው ቬንትሌተር የሳበው ቅጠልና ላባ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ይሰገሰጋል፤ በላሜራ ስለተሸፈነም አይታይም።

ፔጆ 404 ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ብዙ ጊዜም ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። ይህ መኪና የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ ያሸነፈ ነው። ቬንትሌተሩ ሁልጊዜ አይዞርም፤ ውሃው ሲሞቅ ብቻ በኤሌክትሪክ ማግኔት ተይዞ ይዞራል። ጉልበት ለመቆጠብ የታሰበ ድንቅ ሥራ ነው። ግን ለማግኔቱ መብራት የሚያደርሰው ካርቦን ሲያልቅ ቬንትሌተሩ ዝም ይላል፣ መኪናው ዳገት ላይ ይሞቃል፣ ባለቤቱም «ወንፊቱ ነው» ብሎ ነቅሎ ይጥለዋል። 404 ሲሞቅባችሁ ቬንትሌተሩ መያዙን ሳታዩ ወንፊቱን አትክሰሱ።

ላቫጆ ላይም የምለው አለኝ። ልጆቹ የግፊት ውሃውን ከፊት በኩል ራዲያተሩ ላይ ይለቁታል፤ ባለመኪናው ቆሞ እያየ «ፊቱን አጥብቀህ እጠበው» ይላል። ያ ግፊት ቅጠሉን ያስተኛል፣ ተባዩንም ወደ ውስጥ ይቀረቅረዋል። የገባው በፊት ስለሆነ መውጫውም በፊት ነው። ሞተሩ ይብረድ፤ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ርጩበትና የደረቀው እስኪርስ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ፤ ከዚያ ከሞተሩ በኩል፣ ከቬንትሌተሩ ጀርባ፣ በተራ ጎማ ቀስ ብላችሁ ወደ ፊት አፍስሱ። የሽቦ ብሩሽ አይነካውም። ላምባም አትቀቡት፤ ቅባቱ የነገውን አቧራ ይይዛል። የተኛ ቅጠል ካለ በደነዘዘ ቢላ ጫፍ አንድ በአንድ ይነሳል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን ይነሳል።

አዲስ ወንፊት ስታስገቡ የምታውቁትን አንድ ዳገት ምረጡ። ያለ ወንፊት ወጥታችሁ ጌጁ የት እንደቆመ ተመልከቱ፤ በሌላ ቀን፣ በዚያው ሰዓትና በዚያው ጭነት፣ ወንፊቱን አድርጋችሁ ውጡ። መርፌው በግልጽ ከፍ ካለ ቀዳዳው ጠቧል፤ ሰፋ ያለ ሽቦ ፈልጉ።