የጓሳ ክዳን ጎጆ

ጎጆ የሚሠራ ሰው ከመሠረት ይጀምራል። ስለ ጎጆ የሚጽፍ ግን ከክዳኑ ቢጀምር ይሻላል፤ ጎጆው የሚቆመው መንዝ ላይ ከሆነ ደግሞ ሌላ መነሻ የለውም። መንዝ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ በመሐል ሜዳ ከተማ አቅራቢያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ምድር አለ። ደጋ ማለት አይገልጸውም፤ ገበሬው ውርጭ የሚለው ነው። ስሙን ያገኘው ከሚበቅልበት ሣር ነው፦ ጓሳ።

ጓሳ ጉች ጉች ብሎ የሚበቅል ረጅም፣ ጠንካራ ሣር ነው። ገመድ ይገመድበታል፤ እረኛ ዝናብ የሚከላከልበት ገሳ ይሠራበታል፤ ከሁሉ በላይ ግን ቤት ይከደንበታል። በሥሩ አይጦች ይኖራሉ፤ አይጦቹን ቀይ ቀበሮ ያድናቸዋል። ጭላዳው በመንጋ ወጥቶ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ከሣሩ በላይ ጅብራ የተባለው ተክል ብቻውን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጎጆ ሠሪው ለክዳን የሚያጭደው ሣር የእነዚህ ሁሉ ቤት ነው።

የመንዝ ሰው ይህን ቀድሞ ያውቅ ነበር። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ አስቦና ጌራ ከሚባሉት አቅኚ አባቶች የሚወለዱ ሰዎች ጓሳን በጋራ ይዘው፣ ቄሮ በተባለ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ተከልሎ ይቆይ ነበር። አጨዳ የሚፈቀደው በበጋው አጋማሽ ነበር፤ ክረምቱ ሲገባ እንደገና ይዘጋ ነበር። ሰርቆ ያጨደ ሰው እርጥብ የአንበሳ ቆዳና ከአሸዋ የተገመደ ገመድ እንዲያመጣ ይፈረድበት እንደነበር ይነገራል። ሁለቱም የማይገኙ ናቸውና ጥፋተኛው ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ከመለመን በቀር መውጫ አልነበረውም። ይህን ፍርድ ያሰቡ ሰዎች ስለ ሣርም ስለ ሰውም ጠልቀው ያውቁ ነበር እላለሁ። በ1967 ዓ.ም የወጣው የመሬት አዋጅ የርስቱን መብት ሲሽር ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ማኅበረሰቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መለሰው። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ እንግዳ የሚያድርበት ቀለል ያለ የማኅበረሰብ ሎጅም አለው።

እንግዲህ በዚህ ዓይነት ምድር ላይ፣ ከጥብቁ ሥፍራ ውጭ፣ ጥቂት ቀን ጸጥ ብሎ የሚቀመጥበት ጎጆ ለመሥራት ያሰበ ሰው ምን ያድርግ?

መጀመሪያ ቦታ ይምረጥ። ጉብታው አናት ላይ ነፋሱ አያስቀምጥም። ሸለቆው ሥር ደግሞ የሚያምር ቢመስልም ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ከላይ ወርዶ ይተኛበታል፤ ሲነጋ ውርጩ ነጭ ሆኖ የሚታየው እዚያ ነው። የሚሻለው ከአናቱ ትንሽ ዝቅ ያለ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት የተከለለ ተዳፋት ነው። የአካባቢው እረኛ ከብቱን በብርድ ጊዜ የት እንደሚያስጠጋ መጠየቅ ደግሞ ከማንኛውም የመሐንዲስ መሣሪያ በፊት ይምጣ። ከጎጆው በላይ በኩል ጎርፍ የሚቀለብስ ቦይ ካልተቆፈረ የተቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

ቅርጹ ክብ ይሁን። ይህን የምለው ለባህል ብቻ አይደለም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 5 ሜትር የሆነ ክብ ጎጆ 20 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ወለል ይሰጣል፤ ዙሪያው 15.7 ሜትር ነው። ያንኑ ወለል አራት ማዕዘን አድርጎ ለመክበብ 17.7 ሜትር ግድግዳ ያስፈልጋል። ሁለት ሜትር ድንጋይ አለመሸከም፣ ሁለት ሜትር ለብርድ አለመጋለጥ ቀላል ነገር አይደለም። ነፋሱም የሚጋጭበት ማዕዘን ስለማያገኝ ዞሮ ያልፋል። ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ሆኖ በጭድ በተቦካ ጭቃ ይለሰን። ጭቃው ተረግጦ፣ ቀናት አድሮ፣ ጭዱ ሲለዝብ ነው የሚይዘው፤ የቸኮለ ልስን ይሰነጠቃል።

ክዳኑ ቁልቁለቱ 45 ዲግሪና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ሣር ውኃን የሚያሸንፈው ፈጥኖ በማንሸራተት ነው፤ ለጥ ያለ የሣር ጣሪያ ውኃውን ይጠጣል፣ ከዚያም ይበሰብሳል። ለዚህ ነው ከግድግዳው አናት እስከ ጉልላቱ በተዳፋቱ ሲለካ ከ3 ሜትር በላይ የሚረዝመው፣ ከውጭ ሲያዩትም ጎጆው ሁሉ ባርኔጣ የሚመስለው። ከዳኙ ከታች ከክፈፉ ጀምሮ እየደረበ፣ እያሰረ፣ ዙሪያውን ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ማሰሮ ይደፋና ዝናብ የሚገባበት ቀዳዳ ይዘጋል። ክፈፉ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ወጣ ካላለ ልስኑን ክረምቱ ያጥበዋል።

ከባዱ ጥያቄ እሳቱ ነው። ጎጆ መሐል የሚነድ እሳት ክዳኑን በጭሱ ያደርቀዋል፤ ተባይም ያርቅለታል። ያው ጭስ ግን የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ የጎዳ ነው፤ ለክዳን ዕድሜ ሲባል የሰው ጤና እንዲከፈል አልፈልግም። ስለዚህ ምድጃው ከድንጋይ ተሠርቶ ጭስ ማውጫው ከጉልላቱ በላይ ይለፍ፤ አፉ ላይ ፍንጣሪ የሚያስቀር ወንፊት ይኑረው። ሰው በሌለበት ቀን ደግሞ አልፎ አልፎ፣ ጠባቂ ቆሞበት፣ ጎጆው ይታጠን። ለማገዶ አስታ የተባለውን የደጋ ቁጥቋጦ መቁረጥ ነውር ነው። ሙቀቱን ከእሳት ይልቅ ከአልጋው መፈለግ ይሻላል፤ መንዝ በበጉ የታወቀ አገር ነው፣ ከበጉ ጠጉር የሚሠራው ባናም ሌሊቱን ያሻግራል። ግድግዳውን ተጠግቶ የሚሠራ የጭቃ መደብ ባና ተነጥፎበት አልጋም ወንበርም ይሆናል።

መስኮትን በተመለከተ የከተማ ሰው ስሕተት አንድ ነው፦ ተራራውን ሁሉ በመስተዋት ለማየት ይፈልጋል። በዚህ ከፍታ ሰፊ መስተዋት የሌሊት ሙቀት የሚፈስበት ቀዳዳ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ውርጩ በሚበረታበት ወቅት፣ ፀሐይ ቀትር ላይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለችና በዚያ በኩል አንድ መካከለኛ መስኮት ከነመዝጊያው ይበቃል። ተራራውን ማየት ለፈለገ በሩ አለ፤ ከበሩም ውጭ የድንጋይ መቀመጫ ይሠራለት።

ዛሬ መንዝም ውስጥ ብዙ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል። ቆርቆሮ የለበሰውን አልወቅስም፤ እሳት አይፈራም፣ ቶሎ ቶሎ መታደስ አይሻም፣ የዝናብ ውኃም ያጠራቅማል። ነገር ግን በረዶ ሲወርድበት እርስ በርስ መሰማማት አይቻልም፤ የሌሊቱም ብርድ ቀጥታ በእሱ በኩል ይገባል። ሌላም የሚያሳስበኝ አለ። አባቶች ሣሩን ሦስት ዓመት የጠበቁት ከሥሩ የሚያድሩበት ክዳን ስለነበረ ነው። ለክዳን የማይፈልገው ሰው ሲበዛ ሣሩን ለመጠበቅ የሚነሣው እጅ እንዳያንስ እፈራለሁ።

ስለዚህ ለዕረፍት ጎጆ የሚሠራው ሰው ክዳኑን ከጭነት መኪና ላይ አይግዛ። ኮሚቴውን ጠይቆ፣ ተራውን ጠብቆ፣ ሥፍራው በሚከፈትበት በጋ ከአጫጆቹ ጋር ይውጣ። ሣሩ ካልደረሰ የጎጆው ማገር ዓመቱን ሸራ ለብሶ ይክረም።