በሬን የሚለኩ ካሜራዎች በእርግጥ እኩል ያነሳሉ?

ከመተማ የመጣ ሰሊጥ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ባለው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲሸጥ ገዥው ሰሊጡን ማየት አያስፈልገውም። ምርቱ መጋዘን ላይ ተመዝኗል፤ ደረጃም ወጥቶለታል። ምርት ገበያው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምር የቆመው በዚህ እምነት ላይ ነው፤ ገዥና ሻጭ የሚተማመኑት በልኬቱ ነው።

ያው አርሶ አደር በሬውን ገበያ ሲያወጣ ግን ነገሩ ይለያል። ነጋዴው ሻኛውን ይዳብሳል፤ ጎኑን ጫን ጫን ያደርጋል፤ ዋጋ ይጠራል። ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ባለበት ሀገር አብዛኛው በሬ የሚሸጠው በዓይን ግምት ነው። ልምድ ያለው ነጋዴ ብዙም አይሳሳት፤ ቢሳሳትም ለራሱ አድልቶ ነው። የደረት ዙሪያን በሜትር ለክቶ ክብደትን ማስላት የቆየ ዘዴ ቢሆንም ዝም ብሎ የሚቆም በሬ ይፈልጋል።

በተለያዩ ሀገራት እየተሞከረ ያለው አማራጭ ርቀት የሚለካ ካሜራ ነው። ይህ ካሜራ ከተራው የሚለየው በፎቶው ላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ ስንት ርቀት ላይ እንዳለ ስለሚመዘግብ ነው። በሬው በጠባብ መተላለፊያ ሲያልፍ አንዱ ካሜራ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ፣ አንዱ ከላይ ያነሱታል። ሦስቱ ፎቶዎች ሲገጣጠሙ የበሬው ሙሉ ቅርጽ ይወጣል፤ ክብደቱም ከቅርጹ ይሰላል።

ችግሩ በሬው መራመዱ ነው። ካሜራው በሰከንድ 30 ፎቶ ያነሳል እንበል። ሁለት ካሜራዎች በየራሳቸው ሰዓት ቢሠሩ በመካከላቸው የግማሽ ፎቶ ጊዜ፣ ማለትም 17 ሚሊ ሰከንድ ያህል ልዩነት ሊኖር ይችላል። በሰከንድ 1 ሜትር የሚራመድ በሬ በዚህ ጊዜ 1.7 ሴንቲ ሜትር ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ የግራ ጎኑ ከአንድ ቅጽበት፣ የቀኝ ጎኑ ከሌላ ቅጽበት ተወስዶ ይሰፋል። በቅርጹ ሁሉም ልኬቶች ላይ የ1 በመቶ ስህተት ከተፈጠረ ክብደቱ ላይ ወደ 3 በመቶ ይደርሳል፤ 300 ኪሎ በሚመዝን በሬ ላይ 9 ኪሎ መሆኑ ነው። ይህን ኪሎ የሚከፍለው ወይ ገዥው ነው ወይ አርሶ አደሩ።

መፍትሔው ካሜራዎቹን በገመድ ማያያዝ ነው። አንዱ መሪ ይሆንና ምልክት ይልካል፤ ሌሎቹ ምልክቱን ተከትለው ያነሳሉ። የኢንቴል ሪልሴንስና የማይክሮሶፍት አዙር ኪኔክት ካሜራዎች ለዚህ የሚሆን መሰኪያ አላቸው። ይሁንና ገመዱ መሰካቱ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም። አንዳንድ ተከታይ ካሜራ ምልክቱ ባይደርሰውም ምንም እንዳልተፈጠረ ማንሳቱን ይቀጥላል። በረት ውስጥ ደግሞ ገመድ ይረገጣል፤ አቧራም ይገባበታል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የሰዓት መዝገቡ ነው። እያንዳንዱ ካሜራ ፎቶውን ያነሳበትን ጊዜ በራሱ ሰዓት ይጽፋል። የሁለቱ ካሜራዎች መዝገብ ልዩነት ሳይለወጥ ከቀጠለ ተስማምተዋል ያሰኛል። እውነታው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

ሁለት የትምህርት ቤት ጥበቃዎችን እናስብ። ሁለቱም በየራሳቸው ሰዓት ደወል ቢደውሉ የሁለቱም መዝገብ 3፡00፣ 4፡00፣ 5፡00 እያለ ይሄዳል፤ የአንዱ ሰዓት ቢዘገይም በመዝገቡ ላይ አይታይም። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ደወል እየሰማ ቢደውል ግን ሰዓታቸው ፍጹም አንድ ስላልሆነ መዝገቡ በሰከንድ በሰከንድ እየተንሸራተተ ይሄዳል። መንሸራተቱ መስማቱን ይመሰክራል። በካሜራዎቹም እንዲሁ ነው፤ ሰዓታቸው በኮምፒውተሩ ካልተስተካከለ በቀር፣ ልዩነቱ ቀስ እያለ ሲንሸራተት ተከታዩ መሪውን እየተከተለ ነው።

በዓይን የሚታይ ፈተናም አለ። በየሚሊ ሰከንዱ ተራ በተራ የሚበሩ ትንንሽ አምፖሎች በካሜራዎቹ ፊት ይደረደራሉ። ብርሃኑ የካሜራው ዳሳሽ የሚያየው ዓይነት መሆን አለበት፤ አንዳንዱ የሚያየው ለሰው ዓይን የማይታየውን ብቻ ነውና። በሁሉም ፎቶ ላይ አንድ ዓይነት አምፖል በርቶ ከታየ እኩል አንስተዋል። ከዚያ ገመዱ ተነቅሎ ይደገማል። ውጤቱ ካልተለወጠ ገመዱ መጀመሪያውኑ አልሠራም ወይም ፈተናው ደካማ ነው።

እኩል ማለት ግን ሁልጊዜ በአንድ ቅጽበት ማለት አይደለም። እንደ አዙር ኪኔክት ያሉት የራሳቸውን ጨረር ስለሚረጩ አንዱ የሌላውን እንዳይረብሽ ቢያንስ 160 ማይክሮ ሰከንድ ተራርቀው እንዲያነሱ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ በሬያችን የሚራመደው 0.16 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ጉዳት የለውም። የሚጎዳው ያልታወቀ ልዩነት ነው።

የተፈተኑ ካሜራዎችም ቢሆኑ ሚዛንን አይተኩም። ክብደቱ የሚሰላበት ቀመር በሌላ ሀገር ከብት ላይ የተሠራ ከሆነ ለሻኛማው የፎገራ በሬ እንዳለ አይሆንም፤ በመሬት ሚዛን ከተመዘኑ የእኛው ከብቶች ጋር መመሳከር አለበት። ባሕር ዳር አቅራቢያ የሚገኘው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል በፎገራ ዝርያ ላይ ለዓመታት ሲሠራ የቆየ በመሆኑ ለዚህ ዓይነቱ ማመሳከሪያ ቅርብ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዞ የሚመጣ አቅራቢ ካለ ማኅበራት ዋጋውን ከመጠየቃቸው በፊት ገመዱ ተሰክቶና ተነቅሎ የተገኙትን ሁለት ውጤቶች ጎን ለጎን እንዲያሳያቸው ይጠይቁ፤ ፈተናውም ካሜራዎቹ በተነሱና በተተከሉ ቁጥር ይደገም።